ውሻው ሲያማርጥ፦ የጥሬ ሥጋ ደንበኝነት በደሴና በኮምቦልቻ ሲመዘን

ደረቅ ምግቡን አሽትቶ ጥሎት የሚሄድ ውሻ፣ የተፈጨ ጥሬ ሥጋ ሲቀርብለት ሳህኑን ልሶ ሲጨርስ የሚያሳዩ ማስታወቂያዎች በማኅበራዊ ሚዲያ በብዛት ይዘዋወራሉ። አስተዋዋቂዎቹ የአሜሪካና የእንግሊዝ ኩባንያዎች ናቸው፤ ምርታቸውንም በደንበኝነት ውል በየጊዜው የሚያደርሱት እዚያው አገራቸው ውስጥ ነው። ሐሳቡ ግን እዚህም ደርሷል። በደሴና በኮምቦልቻ ጀርመን ሼፐርድ ወይም የተዳቀለ የጥበቃ ውሻ የሚያሳድጉ ሰዎች «ከሥጋ ቤት ጋር በወር ተነጋግሮ ያንኑ ማድረግ አይቻልም ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ።

ክርክሩ የሚምታታው ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች በአንድ ላይ ስለሚነሱ ነው። ውሻው ለምን አይበላም? ጥሬ ምግብ ከበሰለው ይሻላል ወይ? በደንበኝነት መግዛትስ ያዋጣል ወይ? ለየብቻ ሲታዩ፣ ምግብ የሚያማርጥን ውሻ የሚረዳው የምግቡ መመዘን፣ ሽታውና በሰዓቱ መቅረቡ ሆኖ ይገኛል። ጥሬ መሆኑ የሚጨምረው ጥቂት ነው፤ በደቡብ ወሎ ደግሞ ከጥቅሉ ሁሉ አደገኛው እሱ ነው።

ደንበኝነቱ የሚሸጠው ምንድን ነው?

ሰብስክሪፕሽን የሚባለው እየታደሰ የሚሄድ የደንበኝነት ውል ነው። ባለቤቱ በድረ ገጽ ላይ የውሻውን ዕድሜ፣ ክብደት፣ ዝርያና የእንቅስቃሴ መጠን ይሞላል። ኩባንያው በዚያ መሠረት ውሻው በቀን የሚያስፈልገውን ካሎሪ ያሰላል፤ ምግቡን ለየቀኑ ከፋፍሎ ያቀዘቅዛል፤ ከዚያም በደረቅ በረዶ አሽጎ በየተወሰነ ሳምንት ይልካል። ሂሳቡ ከባንክ ካርድ በራሱ ይቆረጣል፤ ደንበኛው እስኪያስቆመው ድረስም ይቀጥላል። የመጀመሪያው ካርቶን በትልቅ ቅናሽ የሚቀርበው ለዚህ ነው፤ የኩባንያው ትርፍ ያለው ደንበኛው በሚቆይባቸው ወራት ውስጥ ነው።

«ትኩስ ምግብ» የሚለው አጠራር ብዙ ሰው ያሳስታል። በዘርፉ ከታወቁት መካከል የአሜሪካው ዘ ፋርመርስ ዶግና የእንግሊዙ በተርነት ቦክስ የሚልኩት የበሰለ ምግብ ነው፤ ጥሬ የሚልከው ለምሳሌ የስኮትላንዱ ቤላ ኤንድ ዱክ ነው። ስለዚህ «ውጭ አገር ሁሉም ጥሬ ነው የሚያበላው» የሚለው ወሬ ከመነሻው ልክ አይደለም።

ጥሬው ምግብ በአብዛኛው በሁለት ቀመር ይዘጋጃል። አንደኛው 80 በመቶ ሥጋ፣ 10 በመቶ ተፈጭቶ የሚበላ አጥንት፣ 5 በመቶ ጉበትና 5 በመቶ ሌላ የሆድ ዕቃ ነው። ባርፍ የሚባለው ሁለተኛው ቀመር አትክልትና ፍራፍሬ ይጨምርበታል። የአዋቂ ውሻ የቀን መጠን ከክብደቱ ከ2 እስከ 3 በመቶ ይገመታል። 20 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ መካከለኛውን ብንወስድ በቀን 500 ግራም ነው፦ 400 ግራም ሥጋ፣ 50 ግራም አጥንት፣ 25 ግራም ጉበት፣ 25 ግራም ኩላሊት ወይም ጣፊያ። በወር 15 ኪሎ ይሆናል፤ ከዚህ ውስጥ 12 ኪሎው ሥጋ ነው። ይህን 12 ኪሎ በደሴ ሥጋ ቤቶች የዕለት ዋጋ ማባዛት ብቻውን የብዙ ሰው ክርክር ይዘጋል።

ውሻው በእርግጥ እያማረጠ ነው?

ምግብ ማማረጥና ምግብ ማቆም ይለያያሉ። የሚያማርጥ ውሻ አንዱን ትቶ ሌላውን ይበላል፤ ክብደቱ አይቀንስም፤ ጉልበቱም እንዳለ ነው። የታመመ ውሻ ግን የሚወደውንም ይተዋል። አንዳንዱ ሊበላ ቀርቦ አፉን ካስገባ በኋላ ያቆማል፣ በአንድ ጎን ብቻ ያኝካል፣ ለሃጩ ይበዛል፤ ይህ የጥርስ፣ የድድ ወይም አፍ ውስጥ የተሰካ አጥንት ምልክት ሊሆን ይችላል። መዥገር የሚያስተላልፋቸው በሽታዎችም ፍላጎቱን ይዘጋሉ፤ ያኔ ድዱ ሊነጣ ይችላል። አዋቂ ውሻ ለ24 ሰዓት፣ ቡችላ ደግሞ ለ12 ሰዓት ምንም ካልቀመሰ ምግብ መቀያየሩን ትቶ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ነው። ያልተከተበ ቡችላ እያስመለሰ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከያዘው ፓርቮ የተባለው የቫይረስ በሽታ ሊሆን ስለሚችል 12 ሰዓትም አይጠበቅም።

አንድ ጥንቃቄ ግን ከሁሉም ይቀድማል። ጠባዩ የተለወጠ፣ መዋጥ ያቃተውና ለሃጩ የሚዝረበረብ ውሻ ሲገጥም «አጥንት አንቆት ነው» ብሎ እጅን አፉ ውስጥ መክተት አይገባም። የእብድ ውሻ በሽታም በዚሁ መልክ ይታያል፤ ምልክቱ ከወጣ በኋላ ደግሞ መድኃኒት የለውም። የተነከሰ ወይም ለሃጩ ቁስሉን የነካው ሰው ቦታውን በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ በዚያው ቀን ለክትባት ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

ጤነኛ ሆኖ የሚያማርጥ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ የጠገበ ውሻ ነው። ጠዋት የተሰጠውን ቢተው ቀትር ላይ ከማዕድ የተረፈ እንጀራ፣ ማታ ቅልጥም፣ በመሃል ደግሞ ከልጆች እጅ ዳቦ እንደሚመጣ ያውቃል። የሚያስፈልገውን ጉልበት በስልክ ማስያ ማስላት ይቻላል። ክብደቱን በራሱ ሦስት ጊዜ ማባዛት (20 × 20 × 20 = 8,000)፣ ከዚያ ስኩዌር ሩቱን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ማውጣት (ወደ 9.46)፣ በ70 ማባዛት (ወደ 662)። ይህ በዕረፍት ላይ የሚፈልገው ካሎሪ ነው። በቤት የሚኖር አዋቂ ውሻ የዚህን 1.6 እጥፍ ገደማ፣ ማለትም 1,060 ካሎሪ ይፈልጋል፤ ቀኑን ሙሉ ታስሮ የሚውል ደግሞ ያንሰዋል። ክብደቱን ለማወቅ ውሻውን አቅፎ ሚዛን ላይ መውጣትና የራስን ክብደት መቀነስ ይበቃል። በወር ውስጥ ክብደቱ ካልቀነሰና የጎድን አጥንቱ ሲዳሰስ ከቆዳው ሥር ቀጭን ስብ ብቻ ካለው፣ «አይበላም» የተባለው ውሻ ከሌላ ቦታ እየበላ ነው።

መፍትሔው የሰዓት ሥርዓት ነው። በቀን ሁለት ጊዜ የተመዘነ ምግብ ማቅረብ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጠብቆ ያልተበላውን ማንሳት፣ እስከሚቀጥለው ሰዓት ድረስ ምንም አለመስጠት። ማባበያ የሚሰጥ ከሆነ ከቀኑ ካሎሪ ከ10 በመቶ አይብለጥ። ጤነኛ አዋቂ ውሻ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ሳህኑ ይመለሳል። ሥርዓቱ የሚፈርሰው ብዙውን ጊዜ በቤተሰቡ ነው፤ አንዱ ሲያነሳ ሌላው አሳዝኖት በጓሮ በኩል ይሰጠዋል።

ወጥ ደግሞ ከማማረጥም በላይ ጣጣ አለው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራሉ፤ ማብሰል መርዝነታቸውን አያጠፋውም። ውሻ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ከበላ የደም ለውጥ ይታይበታል፤ ለ20 ኪሎ ውሻ ከ300 ግራም ይጀምራል። ዶሮ ወጥ በምን ያህል ሽንኩርት እንደሚሠራ ለሚያውቅ ሰው ይህ ሩቅ ቁጥር አይደለም።

ጥሬው ለምን ይጥማቸዋል?

ደረቅ ምግብ ውስጥ ያለው ውሃ 10 በመቶ ገደማ ሲሆን ጥሬ ሥጋ ውስጥ 70 በመቶ ይደርሳል። እርጥበትና ስብ ሽታ ያወጣሉ፤ ውሻ ደግሞ ከምላሱ ይልቅ በአፍንጫው ይመርጣል። በዚህ ላይ የአዲስ ነገር ጉጉት አለ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሳህኑን የሚልስ ውሻ በሦስተኛው ሳምንት ማሽተት ብቻ ሊጀምር ይችላል፤ ያኔ የሁለተኛው ካርቶን ሂሳብ ተቆርጧል። ሽታውን ብቻ ለማግኘት ደረቁን ምግብ በለብታ ውሃ ወይም ሽንኩርትና ጨው በሌለው የሥጋ መረቅ ለ10 ደቂቃ ማራስ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ደጋፊዎቹ የሚሉት ሁሉ ባዶ አይደለም። ጥሬም ሆነ በቀላሉ የበሰለ ሥጋ ከብዙ ደረቅ ምግቦች በተሻለ ይፈጫል፤ ሰገራው ያንሳል። ስብ ያለው ምግብ ፀጉሩን ያሳምራል። ጥሬ አጥንት መጋጥ የጥርስ ቆሻሻ ይቀንሳል፤ በሌላ በኩል ግን ጥርስ ይሰብራል፣ አንጀትም ይዘጋል። ዕድሜ ያረዝማል፣ ከበሽታ ይጠብቃል ለሚለው የሚያስተማምን የረጅም ጊዜ ንጽጽር የለም። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ጀርሙ ያልጠፋለት ጥሬ ሥጋ ለውሻና ለድመት እንዳይሰጥ ይመክራል።

«እኛ ቁርጥ እየበላን ውሻ ምን ይሆናል?»

ይህ ጥያቄ ተደጋግሞ ይነሳል፤ መልስም ይገባዋል። ቁርጥ በዚያው ቀን ከታረደ ከብት የሚቆረጥ ሙሉ ሥጋ ነው፤ ጀርም ቢኖር በብዛት የሚገኘው ላዩ ላይ ነው። የተፈጨ የውሻ ምግብ ግን የብዙ እንስሳት ሥጋና የሆድ ዕቃ ተቀላቅሎ የሚዘጋጅ ስለሆነ ከላይ የነበረው ወደ ውስጥ ይሰራጫል። ደግሞም ቁርጥ የሚበላ ሰው ከኮሶ ትል ነፃ ነው ያለ የለም።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2012 ባደረገው ምርመራ ከ196 ጥሬ የቤት እንስሳት ምግብ ናሙናዎች በ15ቱ ሳልሞኔላ፣ በ32ቱ ደግሞ ሊስቴሪያ የተባለ አደገኛ ባክቴሪያ አግኝቷል። ማቀዝቀዝ እነዚህን ጀርሞች እንዳይራቡ ያደርጋል እንጂ አይገድላቸውም፤ በረዶው ሲቀልጥ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። አንዳንድ አምራቾች ከፍተኛ ግፊት የሚባል ዘዴ ይጠቀማሉ፤ የታሸገውን ሥጋ ከከባቢ አየር 6,000 እጥፍ በሚጠጋ ግፊት ይጫኑታል። ጀርሙን በብዙ ይቀንሳል፤ ማሽኑ ግን ለአነስተኛ አምራች የሚታሰብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ደግሞ በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት የወፍ ጉንፋን ቫይረስ የተገኘበት ጥሬ የድመት ምግብ ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደርጓል።

ውሻው ራሱ ብዙ ጊዜ አይታመምም። ሳልሞኔላን ተሸክሞ በሰገራውና በለሃጩ ያወጣዋል፤ የሚታመመው ከ5 ዓመት በታች ያለ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር፣ አረጋዊ ወይም የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ነው። በወሎ ብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች ውሻን ከቤት ውጭ ማኖራቸው፣ ዕቃውን መለየታቸውና ለሃጩ የነካውን ማጠባቸው ይህን መንገድ ያጠብባል። ችግሩ ሌላ በር መኖሩ ነው፤ የውሻው ሥጋ ለሰው ሰላጣ በሚከተፍበት መክተፊያ ላይ ከተቆረጠ፣ ውሻው ግቢ ውስጥ መታሰሩ ምንም አይጠቅምም።

ሳንባ፣ ጉበትና የበግ ጭንቅላት

ከውጭ የሚመጡ ጽሑፎች የማይነግሩን የአካባቢያችን ዋና ስጋት ይህ ነው። በጎችና ከብቶች ሲታረዱ በሳንባቸው ወይም በጉበታቸው ላይ ነጣ ያለ፣ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይገኛል። ሃይዳቲድ ይባላል። ከረጢቱ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የትል ራሶች ናቸው። ውሻ ያንን ሳንባ ጥሬውን ሲበላ እያንዳንዱ ራስ አንጀቱ ላይ ተጣብቆ ከ2 እስከ 7 ሚሊሜትር የሚረዝም ትል ይሆናል። አንድ ውሻ በሺዎች ተሸክሞ ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል። ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ እንቁላሉ በሰገራው መውጣት ይጀምራል፤ በፀጉሩ፣ በአፈር፣ በውሃና በጎመን ላይ ይሆናል።

ሰው ቋጠሮ ያለበትን ጉበት በመብላት ሃይዳቲድ አይይዘውም። የሚይዘው ከውሻው የወጣውን እንቁላል በእጅ፣ በውሃ ወይም ባልታጠበ አትክልት ሲውጥ ነው። ከዚያ በጉበቱ ወይም በሳንባው ላይ ያለ ሕመም ለዓመታት የሚያድግ ከረጢት ይፈጠራል፤ ሲገኝም ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል።

የበግ ጭንቅላትም የራሱ ታሪክ አለው። ገበሬው አዙሪት የሚለው፣ በጉ ዙሪያውን እየዞረ የሚወድቅበት በሽታ የሚመጣው አንጎሉ ውስጥ ባደረ የሌላ የውሻ ትል ቋጠሮ ነው። ያንን ጭንቅላት ውሻ ሲበላው ትሉ ወደ ውሻው ይመለሳል፤ ሰገራው በግጦሽ ላይ ሲወድቅ ቀጣዩ በግ ይያዛል።

ለአረፋ፣ ለፋሲካና ለመስቀል በየግቢው ሲታረድ የሆድ ዕቃውን መርማሪ አያየውም። ቋጠሮ ያለበት ሳንባ ለሰው ስለሚያስጠላ በቀጥታ ወደ ውሻው ይወረወራል። መደረግ የነበረበት ማቃጠል ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት መቅበር ነው።

ሥራው እዚህ ቢጀመርስ?

በደሴ ወይም በኮምቦልቻ አንድ ወጣት ከሥጋ ቤቶች ሥጋ ሰብስቦ፣ ፈጭቶና አሽጎ በወር ሂሳብ ለውሻ ባለቤቶች ላድርስ ቢል ሐሳቡ በራሱ መጥፎ አይደለም። የሚያጠምደው ዋጋው ነው። ሰው በሚገዛበት ዋጋ የተገዛ ሥጋ የውሻ ባለቤትን አይስብም፤ ስለዚህ አቅራቢው ርካሹን ይፈልጋል። ከሁሉም ርካሹ ደግሞ ሰው ያልፈለገው ነው፤ ቋጠሮ የታየበት ሳንባ፣ ትል ያለበት ጉበት፣ ከምርመራ የተጣለ የሆድ ዕቃ። ማንም ክፉ ሳይሆን ገበያው ራሱ አደገኛውን ሥጋ ወደ ውሻው ሳህን ይገፋዋል። ከቄራ የምርመራ ማኅተም ያለው ሥጋ ብቻ መግዛትና ሳንባን ጨርሶ መተው ከሌለ የቀረው ጥንቃቄ ሁሉ ዋጋ የለውም። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤትና በኮምቦልቻ ያለው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ቅርብ ስለሆኑ ናሙና ማስመርመርና ቀመር ማስተካከል ከሌላ ከተማ ይልቅ እዚህ ይቀላል።

መብራትም አለ። ሙሉ የሆነ ፍሪዘር በሩ ሳይከፈት መብራት ሲጠፋ 48 ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ግማሽ ብቻ ከሆነ 24 ሰዓት። ቀልጦ እንደገና የቀዘቀዘ ሥጋ ከላይ ሲያዩት አይለይም። ቀላል መለያ አለ፦ አንድ ብርጭቆ ውሃ አቀዝቅዞ በበረዶው ላይ ሳንቲም ማስቀመጥ፤ ሳንቲሙ ሰምጦ ከተገኘ ፍሪዘሩ ቀልጦ ነበር። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎ ተራራ ወርዶ ኮምቦልቻ የሚደርስ ጭነት ደግሞ ከደሴ ብርድ ወደ ሞቃቱ አየር ስለሚገባ ያለ በረዶ ሳጥን አይሞከርም። በሁዳዴ የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ስለሚዘጉ አቅርቦቱም ያኔ በሌሎቹ ላይ ብቻ ይወድቃል።

አብስሎ መመዘን

ደንበኝነቱ የሚሰጠውን መጠን፣ ሽታና ሰዓት በቤት ለማግኘት ለ20 ኪሎ አዋቂ ውሻ የቀን መነሻ ይህ ነው፦ 300 ግራም ቀይ ሥጋ (ጥሬውን ተመዝኖ)፣ 100 ግራም ደረቅ ሩዝ፣ 20 ግራም ጉበት፣ 50 ግራም ካሮት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት። ወደ 1,000 ካሎሪ ይሆናል። ሽንኩርት፣ በርበሬና ቅቤ አይገባም። ሩዙ በደንብ ይብሰል፤ ሥጋው በትንሹ ይቆረጥ።

ካልሲየሙ ብዙዎች የሚስቱት ቦታ ነው። ሥጋ ፎስፈረስ እንጂ ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል፤ ሥጋ ብቻ የሚበላ ቡችላ ሰውነቱ ካልሲየሙን ከአጥንቱ እየሳበ እግሩ ይጎብጣል፣ ይሰበራል። ለዚህ መጠን ታጥቦ፣ ደርቆና እንደ ዱቄት ተፈጭቶ የተነፋ የእንቁላል ቅርፊት 3.5 ግራም ገደማ ያስፈልጋል፤ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ትንሽ ይበልጣል። ጉበት ጥሩ ነው ተብሎ ሲበዛ ቫይታሚን ኤ ይከማቻል፤ 20 ግራሙ የተወሰነው ለዚህ ነው።

ይህም ሆኖ ምግቡ የተሟላ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ 200 የቤት ውስጥ የውሻ ምግብ አሠራሮች ተመርምረው 95 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ አስፈላጊ ንጥረ ነገር ጎድሏቸው ተገኝተዋል። ዚንክ፣ አዮዲን፣ ቫይታሚን ዲና ቫይታሚን ኢ በብዛት የሚጎድሉት ናቸው። ከሳምንታት በላይ የሚቀጥል ከሆነ በሐኪም የታዘዘ ማሟያ ወይም ከፊሉን በደረቅ ምግብ መተካት ያስፈልጋል። ለቡችላና ላረገዘች ውሻ ይህ ቀመር አይሆንም።

ማብሰሉ ላይ ከፍታው ይቆጠራል። ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ባለችው ደሴ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ በ94። ሃይዳቲድ ያለበት ጉበት ወይም ሳንባ በ30 ደቂቃ መፍላት ትሉ እንደሚሞት ታይቷል፤ በደሴ ከፍታ ግን 45 ደቂቃ ማድረግ ይሻላል። ቋጠሮ በዓይን የታየበትን ደግሞ ድስት ውስጥ ከማስገባት ይልቅ መቅበር።

ጥሬውን የመረጠ

ቤቱ ውስጥ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር ወይም የታመመ ሰው የሌለ፣ አቅምና አስተማማኝ ፍሪዘር ያለው ሰው ጥሬውን ቢመርጥ ጉዳቱን መቀነስ ይችላል። ሥጋው ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ቅዝቃዜ ቢያንስ ለ10 ቀን ይቆይ፤ ይህ የትል ቋጠሮን ይገድላል፣ ባክቴሪያን ግን አይገድልም። ተራ ፍሪጅ ላይ ያለች ትንሽ በረዶ ቤት ይህን ቅዝቃዜ ስለማትደርስ ቴርሞሜትር ይግባባት። የሚቀልጠው ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ ከቀለጠ በሁለት ቀን ያልቃል። ሳህኑ ከ30 ደቂቃ በላይ አይቀመጥ። ከአሮጌው ምግብ ወደ አዲሱ ከ7 እስከ 10 ቀን በሚወስድ ሽግግር ይለፍ፤ በአንድ ቀን መቀየር ተቅማጥ ያመጣል፤ ተቅማጡም ብዙ ጊዜ በስህተት በሥጋው ይሳበባል።

የትል መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ ለአንድ ኪሎ ክብደት 5 ሚሊግራም፣ ለ20 ኪሎ ውሻ 100 ሚሊግራም። ሃይዳቲድ ባለበት አካባቢ ጥሬ የሚበላ ውሻ በየስድስት ሳምንቱ ይወስደዋል፤ ትሉ እንቁላል መጣል ሳይጀምር ለመቅደም ነው። መድኃኒቱ ትሉን እንጂ እንቁላሉን አይገድልም። ስለዚህ ውሻው ከወሰደ በኋላ ባሉት ሦስት አራት ቀናት ታስሮ ይቆይ፤ ሰገራው በጓንት ተሰብስቦ ይቃጠል ወይም ከጎመን መደቡ ርቆ በጥልቀት ይቀበር።